የራያ ቆላ ቃል ከነባለቤቱ ይጻፍ

በየዓመቱ የፍልሰታ ጾም ተፈጽሞ ነሐሴ 16 ቀን ሲደርስ፥ በቆቦ ከተማና በዙሪያዋ ባለው የራያ ቆላ ልጃገረዶች አጊጠው፥ ፀጉራቸውን ተሠርተው፥ ከበሮአቸውን ይዘው ለሶለል ጨዋታ ሲወጡ ማየት ልብን ደስ የሚያሰኝ ነገር መሆኑን የሚክድ ሰው ያለ አይመስለኝም። ባለፉት ዓመታት መንግሥትም፥ ባለሀብቶችም፥ ማኅበራትም እንዲህ ያሉትን በዓላት ለማድመቅ ብዙ ደክመዋል፤ መድረክ ይሠራል፥ ድምፅ ማጉያ ይቆማል፥ ከሩቅ የሚመጣ እንግዳም ይጋበዛል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ዳሩ ግን በዓሉ ለዓይን እየደመቀ በሄደ መጠን የበዓሉ ነፍስ የሆነው ቃል፥ ይኸውም ልጃገረዶቹ በየደጁ ቆመው ለጋሱን የሚያመሰግኑበት፥ ንፉጉን የሚነቅፉበት፥ የዓመቱን ደስታና መከራ የሚናገሩበት ግጥም፥ በመድረኩ አጭር ሰዓት ውስጥ እየተጨመቀና እየተመሳሰለ ሄዶ በመጨረሻ ከአፍ እንዳይወድቅ ያሠጋል። ስለዚህ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ሶለልንና በራያ ቆላ የሚገኘውን የቃል ሀብት ሁሉ ከማስጌጣችን በፊት እንጻፈው፤ ስንጽፈውም ከተናገረው ሰው ስም፥ ከተነገረበት ስፍራና ምክንያት ጋራ እንጻፈው።

ሶለል ብቻውን የቆመ በዓል አይደለም። በዋግ ሻደይ፥ በላስታ አሸንድዬ፥ በትግራይ አሸንዳ እየተባሉ ከሚከበሩት በዓላት ጋራ በዘመንም በሥርዓትም የተባበረ ነው። የቤተ ክርስቲያን መምህራን እንደሚያስተምሩት፥ ሐዋርያት የእመቤታችንን የትንሣኤዋንና የዕርገቷን ምሥጢር ያዩ ዘንድ ከነሐሴ መባቻ ጀምረው ሁለት ሱባዔ ከጾሙ በኋላ ልመናቸው ተፈጽሞላቸዋልና፥ የልጃገረዶቹ ዝማሬ መላእክት እርስዋን በምስጋና የተቀበሉበትን ሰማያዊ ደስታ የሚያስታውስ ነው። ሌሎች አረጋውያን ደግሞ ነገሩን ወደ ኖኅ ዘመን ይመልሱትና፥ ርግቢቱ የጥፋት ውኃ መጉደሉን በለምለም ቅጠል ያበሠረችበት መታሰቢያ ነው፥ ልጃገረዶቹ ወገባቸውን በለምለም ቅጠል መታጠቃቸውም ስለዚህ ነው ይላሉ። የቀሩትም በመጽሐፈ መሳፍንት በ11ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን የዮፍታሔን ልጅ ታሪክ ጠቅሰው፥ የእስራኤል ቆነጃጅት በየዓመቱ አራት ቀን እርስዋን ለማሰብ ይወጡ የነበረበት ልማድ ከብሉይ ዘመን ጀምሮ ወደ እኛ ደርሶ የቀረ ነው ብለው ያስረዳሉ። ከሦስቱ ትርጓሜዎች አንዱን መርጠን ሁለቱን ልንጥል አይገባንም፤ ሦስቱም ሕዝቡ ስለ ገዛ በዓሉ ያሰበውን የሚመሰክሩ ናቸውና፥ ማን፥ የት፥ ከማን ሰምቶ እንደ ተናገራቸው ታውቆ ሦስቱም ሊጻፉ ይገባል።

ይህን በዓላችንን ከሩቅ ሀገር ልማድ ጋራ ያስተያየ ሰው የሚያስደንቅ ነገር ያገኛል። የፖላንድ ሕዝብ በካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የእመቤታችንን ዕርገት በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 9 ቀን በሚውልበት ዕለት ሲያከብር፥ በዓሉን የዕፀዋት እመቤት በዓል ብሎ ይጠራዋል። በዚያን ቀን የገጠር ሴቶች የሜዳ አበባ፥ ለመድኃኒት የሚሆን ቅጠልና የእህል ዛላ በአንድነት አስረው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወስዳሉ፤ ካህኑ ከባረከላቸው በኋላም ከሕመምና ከመብረቅ ይጠብቀናል ብለው እቅፉን በቤታቸው ያኖሩታል። የፖላንድ ገበሬ እህሉን አጭዶ በሚያስገባበት፥ የራያ ገበሬ ደግሞ ከሚያዝያና ከግንቦት ዝናብ ጋራ የዘራው ማሽላ በክረምቱ ውኃ ጠግቦ በሚቆምበት በዚያ ወራት፥ አንዱ የሌላውን ስም እንኳ ሳይሰማ፥ ሁለቱም ምድር የሰጠቻቸውን ለምለም ነገር ይዘው በአንዲት እናት ፊት ይቀርባሉ። የሰው ልብ በሀገርና በቋንቋ ቢለያይም ምስጋናውን የሚገልጽበት መንገድ ምን ያህል እንደሚቀራረብ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

በአፈ ታሪክም ነገሩ እንዲሁ ነው። የክራኮቭ ከተማ ሰዎች፥ በቫቬል ኮረብታ ሥር ባለ ዋሻ የሚኖር ዘንዶ ሀገር ሲያስጨንቅ አንድ የጫማ ሰፊ ደቀ መዝሙር የበግ ቆዳ በዲን ሞልቶ እንዳቀረበለት፥ ዘንዶውም ከዋጠው በኋላ በጥማት ተቃጥሎ የቪስዋን ወንዝ ሲጠጣ ፈንድቶ እንደ ሞተ ይተርካሉ። የእኛም አበው፥ አርዌ የተባለ ዘንዶ ነግሦ ሕዝቡን ከብትና ልጃገረድ ያስገብር በነበረበት በጥንቱ ዘመን፥ አንጋቦ የተባለ ብልህ ሰው መርዝ ያበላትን ፍየል ሰጥቶ ገደለው፥ በእርሱም ፋንታ ነገሠ ብለው አስተላልፈውልናል። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። በ13ኛው መቶ ዓመት መባቻ ታሪክ የጻፈው የክራኮቭ ጳጳስ ቪንሴንቲ ካድዉቤክ ዘንዶውን የገደሉት የንጉሡ ልጆች ናቸው ሲል፥ ከእርሱ ብዙ መቶ ዓመት በኋላ የተጻፈው ግን ክብሩን ለጫማ ሰፊው ሰጥቶታል። ሁለቱም በየዘመናቸው ስለ ተጻፉ፥ የዛሬው ተመራማሪ ሕዝቡ ጀግናውን ከቤተ መንግሥት አውጥቶ ወደ ሠራተኛው ቤት እንዴት እንዳዛወረው ቁልጭ አድርጎ ያያል። ካድዉቤክ የጻፈው ቀርቶ ቢሆን የኋለኛው ብቻ ጥንታዊ መስሎ በታየ፥ የሕዝቡም የአሳብ ጉዞ በጠፋ ነበር።

ፖላንድ ስለ ራስዋ ይህን ያህል ልታውቅ የቻለችው በዕድል አይደለም። ሩሲያ፥ ፕሩሺያና ኦስትሪያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1772 የጀመሩትን ክፍፍል በ1795 ከፈጸሙት በኋላ፥ እስከ 1918 ድረስ 123 ዓመት ሙሉ ፖላንድ የሚባል ነጻ መንግሥት በካርታ ላይ አልነበረም። ዘውድና ሠራዊት በሌለበት በዚያ ረጅም ዘመን ሕዝቡ ማንነቱን የጠበቀው በቋንቋው፥ በጸሎቱና በዘፈኑ ነበር። በ1814 የተወለደው ኦስካር ኮልበርግ ሙዚቃ የተማረ ሰው ሲሆን፥ ለዕለት እንጀራው በባቡር ኩባንያ የሒሳብ ሥራ ይሠራ ነበር፤ ዕድሜውን የሰጠው ግን በየመንደሩ እየዞረ የገበሬውን ዘፈን፥ ተረት፥ ምሳሌና የሠርግ ሥርዓት ለመጻፍ ነው። በ1842 የመጀመሪያውን ስብስብ ሲያወጣ ለከተማ ሰው ጆሮ ይጥም ዘንድ በገበሬው ዜማ ላይ የፒያኖ አጀብ ጨምሮበት ነበር፤ ሆኖም ይህ ማስጌጥ እውነቱን እንደሚሸፍን ተገንዝቦ፥ በ1857 ባሳተመው መጽሐፍ ዜማውን ያለ አንዳች ጭማሪ፥ አንዱ መንደር ከሌላው ከሚለይበት አዘፋፈን ጋራ አቀረበው። በ1890 እስኪሞት ድረስ ያሳተማቸው ጥራዞች ከ30 ይበልጣሉ፤ የመዘገባቸው ዘፈኖችም እስከ 12,000 ይደርሳሉ። ሳይታተም የተረፈውንም ጽሑፉን የኋላ ሊቃውንት ማሳተማቸውን ቀጥለዋል፤ የፖላንድ ምክር ቤትም የተወለደበት 200ኛ ዓመት የተቆጠረበትን 2014ን የኮልበርግ ዓመት ብሎ ሰይሞለታል። እኛም ከዚህ ሰው የምንማረው ዋነኛ ነገር መጽሐፉን ማብዛቱን ሳይሆን ፒያኖውን መተዉን ነው፤ የሕዝቡን ቃል ለማክበር የራሱን ጌጥ ከላዩ ላይ አንሥቷልና።

አሁን ወደ ገዛ ሀገራችን እንመለስ። የራያ ቆላ በምዕራብ በላስታ ተራሮች፥ በምሥራቅ በዞብል ተራራ መካከል የተዘረጋ፥ ከደጋው በሚወርደው ጎርፍ ማሳውን የሚያጠጣ፥ ማሽላና ጤፍ የሚያበቅል ሰፊ ሜዳ ነው። በዚህ ሜዳ ላይ አማርኛ፥ ትግርኛ፥ ኦሮምኛና አፋርኛ ሲገናኙ ኖረዋል፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙም በገበያ፥ በሠርግና በለቅሶ አልተለያዩም። እንዲህ ባለ ስፍራ የሚወለድ ቃል ባለጠጋ ነው። ገበሬው ማሽላውን ከወፍ ለመጠበቅ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፉን እያጮኸ የሚያዜመው፥ በደቦ ሲያርምና ሲያጭድ የሚቀባበለው፥ በአውድማ በሬዎቹን እያዞረ የሚያወድሰው፥ ሙሾ አውራጅ በለቅሶ ቤት የምትደረድረው፥ ጎበዙ በፉከራና በቀረርቶ የሚናገረው ሁሉ የየራሱ ዜማ፥ የየራሱ ሕግና የየራሱ ባለሙያ አለው።

ከዚህም ሁሉ በላይ ደም የተቃቡ ወገኖች በዘወልድ የእርቅ ሥርዓት ሲታረቁ ሽማግሌዎቹ የሚናገሩት ቃል እጅግ የከበረ ነው። በወሎ የታወቁት አበጋሮች፥ ዱበርቲ እየተባሉ የሚጠሩት እናቶችም ዝናብ ሲጠፋ ወይም መከራ ሲጸና ተሰብስበው የሚያወርዱት ምርቃት እንዲሁ ነው። እነዚህ ቃላት ጆሮን ለማስደሰት ብቻ የተነገሩ አይደሉም፤ ነፍስ የጠፋበትን ቤተ ሰብ ከበቀል የመለሱ፥ ጎረቤትን ከጎረቤት ያስማሙ፥ ከተጻፈው ሕግ ጎን ለጎን ሀገር ያቆሙ ቃላት ናቸው። አንድ ሽማግሌ ይህን ሥርዓት የሚያውቀው ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ብዙ እርቅ በማየቱ ነው፤ ልጁ ግን በትምህርት ወይም በሥራ ምክንያት ወደ ወልድያ፥ ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ከአባቱ ጎን የሚቀመጥበት ጊዜ አያገኝም። በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚለው ተረት በአባቶቻችን ዘመን ለራያ ፈጽሞ እውነት አልነበረም፤ ቃሉ አፍ ከአፍ ሲተላለፍ ብዙ ትውልድ ተሻግሯልና። እውነት እየሆነ የመጣው ዛሬ፥ የሚያስተላልፈውና የሚቀበለው በአንድ ቤት ማደር ባቆሙበት ዘመን ነው።

ጦርነትም ይህን ጊዜ አሳጥሮብናል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሶለል ሳምንት ሲደርስ ቆቦ በጦርነት ውስጥ ነበረች፤ በሚቀጥለውም ዓመት ከወራት ፋታ በኋላ ጦርነቱ በዚሁ በቆቦ አካባቢ እንደገና የተነሣው ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፥ ይኸውም ሶለል በተጀመረ በሦስተኛው ቀን ነው። ልጃገረዶች በየደጁ ሊዘምሩበት በሚገባው ሰሞን ቤተ ሰብ ልጁን ይዞ ሲሸሽ፥ ከሚሞተው ሰው ጋራ የሚሞተውን ቃል የሚቈጥር ማንም የለም። መጻፍም ብቻውን እንደማይበቃ ከዚያ ጦርነት ተምረናል፤ የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሳይቀር ለዝርፊያና ለጉዳት ተጋልጧል። ፖላንዳውያንም ይህን መከራ ያውቁታል፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1944 የዋርሶ ሕዝብ በጀርመኖች ላይ ካመፀ በኋላ፥ የክራሺንስኪ ቤተ መጻሕፍት ከነጥንታውያን ጽሑፎቹ በእሳት ጋይቷል። ታትመው በብዙ ከተሞች የተበተኑ መጻሕፍት ግን አንዱ ቤት ሲቃጠል በሌላው ተርፈዋል። ስለዚህ የሚጻፈው ቃል በአንድ ቢሮ ሣጥን ተቆልፎ የሚቀመጥ ሳይሆን በብዙ ቦታ የሚገኝ መሆን አለበት።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሡትን ተቃውሞዎች በአክብሮት ልመልስ። አንዳንድ ካህናትና የመስጊድ መምህራን፥ ከባህሉ ውስጥ ከሃይማኖት ጋራ የማይስማማ ነገር ስላለበት መመዝገቡ ማጽደቅ ይሆናል ብለው ይሠጋሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ነገር ግን መመዝገብና ማጽደቅ ሁለት ናቸው። በ1918 በአውሮፓ አቆጣጠር የተወለደው ፖላንዳዊው ሊቅ ስቴፋን ስትሬልሲን፥ በኢትዮጵያ ብራናዎች ላይ የሚገኙትን የመፍትሔ ሥራይ ጸሎቶች መርምሮ በ1955 አሳትሟል፥ ስለ ኢትዮጵያ መድኃኒትና ዕፀዋትም ጽፏል። ይህን በማድረጉ ስለ ሥራይ ሰባኪ አልሆነም፤ ሕዝቡ በሕመሙ ጊዜ ምን እንዳለና ምን ተስፋ እንዳደረገ ለማወቅ የሚሻ ሁሉ የሚመለከተው መዝገብ ብቻ ትቶ አለፈ። ስለ እኛ ብራናዎች በዋርሶ ይህን ያህል የደከመ ሰው ከነበረ፥ በእናቶቻችን አፍ ላይ ያለውን እኛ ራሳችን በቆቦ ብንጽፍ ምን ነውር አለበት?

ሌሎች ደግሞ፥ ዛሬ ሁሉም ሰው በእጁ ስልክ ይዞ እየቀረጸ ስለ ምን ትደክማለህ ይሉኛል። ስልኩ ታላቅ መሣሪያ ነው፥ እኔም ልንጠቀምበት ይገባል እላለሁ። ይሁን እንጂ ስም፥ ስፍራና ምክንያት ያልተጻፈበት ድምፅ፥ አባቱ እንደማይታወቅ ሕፃን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይኖራል፤ ዛሬ በቆቦ የተቀረጸው ነገ በሌላ ሰው ስም ይሸጣል፥ ከነገ ወዲያም የማን እንደ ሆነ የሚመሰክር ይጠፋል። በሦስተኛም ደረጃ፥ በዓሉ የማን ነው፥ ጥንት ከየት ተነሣ እያሉ የሚከራከሩ አሉ። ይህ ክርክር በጩኸት አይፈታም። የሰቆጣው በሰቆጣ፥ የላሊበላው በላሊበላ፥ የቆቦው በቆቦ፥ የመቀሌው በመቀሌ እንደ ተነገረ ከተጻፈ፥ የሚያገናኛቸውም የሚለያቸውም በማስረጃ ይታያል፤ ሌላው ስለ መዘገበ የሚጎድልብን፥ እኛም ስለ መዘገብን ከሌላው የምንነጥቀው ነገር አይኖርም።

ነገሩ በእኛ ሀገር ሊሠራ እንደሚችል የሚያስረዳ ምሳሌም አለን። ፈቃደ አዘዘ የሰሜን ሸዋ ገበሬዎች ስለ ድርቅና ስለ ረኃብ የገጠሙትን ግጥም ከአፋቸው ሰብስቦ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1998 በመጽሐፍ አውጥቶታል፤ በዚህም ሥራው በ1977 ዓ.ም. ረኃብ የተጎዳው ሰው ስለ ራሱ መከራ፥ ስለ መንግሥትና ስለ እግዚአብሔር ያሰበውን በገዛ ቃሉ እንድንሰማ አድርጎናል። በዚያ ዘመን የኮረም መጠለያ ሥዕል ዓለምን ሁሉ አስለቅሶ ነበር፤ በሥዕሉ ላይ የሚታዩት ሰዎች የተናገሩትን የሰማ ግን ጥቂት ነው። የራያ እናቶች ስለ 1966ና ስለ 1977 ዓ.ም. የገጠሙት በዚያው መንገድ ተሰብስቦ ቢታተም፥ ለሀገር ታሪክ የሚሰጠው ምስክርነት ከማንኛውም የመንግሥት ሪፖርት አያንስም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሥራው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ የሚጠይቀው ትጋትና ሥርዓት ነው። በቆቦ፥ በሮቢት፥ በጎብየና በዋጃ ያሉ የአማርኛና የታሪክ መምህራን፥ ተማሪዎቻቸው ለክረምት ዕረፍት ወደየቤታቸው ከመሄዳቸው በፊት አንድ ደብተር ይዘው እንዲሄዱ ያድርጉ። ተማሪው ከአያቱ ወይም ከጎረቤቱ የሰማውን ሲጽፍ የተናጋሪውን ፈቃድ ይጠይቅ፤ ስሙን፥ ዕድሜውን፥ መንደሩን፥ ከማን እንደ ተማረውና ምን ጊዜ እንደሚባል ያስፍር። ቃሉን ወደ ከተማ አማርኛ አያርመው፤ ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ ከተቀላቀለበትም እንደ ተቀላቀለ ይተወው፥ ምክንያቱም የራያ ታሪክ በዚያ መቀላቀል ውስጥ ነው። አንዱን ግጥም ሦስት ሰዎች በሦስት መንገድ ቢሉት ሦስቱንም ይጻፍ፤ ዜማውንም በስልኩ ይቅረጽ። የተሰበሰበው ሁሉ ከአንድ የሚበልጥ ግልባጭ ተዘጋጅቶለት አንዱ በወረዳው ባህል ጽሕፈት ቤት፥ አንዱ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ፥ አንዱም በአዲስ አበባ በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ይቀመጥ፤ ከዚህም የተመረጠው ታትሞ ለሰጡት ሰዎች እጅ በቅድሚያ ይድረስ።

የበዓሉ አዘጋጆችም የበኩላቸውን ያድርጉ። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ከሰፈረ ወዲህ ሌሎች በዓሎቻችንም ይህን ክብር እንዲያገኙ የሚመኝ ሰው በዝቷል፥ ምኞቱም የሚነቀፍ አይደለም፤ ሆኖም የዓለም መዝገብ የሚያስመሰክረው በባለቤቶቹ ዘንድ በሕይወት ያለውን ነገር ነው። ከስድስቱ የሶለል ቀኖች ቢያንስ አብዛኞቹ ለየመንደሩ ይተዉ፤ ልጃገረዶቹ የተለማመዱትን ብቻ ሳይሆን በዚያው ዓመት የገጠሙትን በየደጁ ይበሉ። ሽልማት የሚሰጥ ከሆነም ከልብሱ ውበት ይልቅ ለግጥሙ ብስለት ይሰጥ፤ የገጠመችውም ልጅ ስም በመዝገብ ይጻፍላት። ብዙ ዘመን ሴቶቻችን የገጠሙትን ሕዝብ ዘፈኑ የሕዝብ ነው እያለ የደራሲነት ክብራቸውን ሳይሰጣቸው ኖሯልና፥ ይህ ዕዳ አሁን ይከፈል።

የቆቦና የአካባቢዋ አባቶችና እናቶች ሆይ፥ የምታውቁትን ለልጅ ልጆቻችሁ ንገሩ፤ ይህ ምን ይጠቅማል ብላችሁ አትናቁት። መምህራን ሆይ፥ ትእዛዝ ከበላይ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ኮልበርግም መንግሥት አላዘዘውም፥ የሚያዘው መንግሥትም አልነበረውም። እኛ ከእርሱ የተሻለ ዕድል አለን፤ ሀገር አለን፥ ፊደል አለን፥ ትምህርት ቤት አለን፥ የሚናገሩልንም ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ገና በሕይወት አሉ። ከእነዚህ ከአራቱ ሊቀድመን የሚችለው የመጨረሻው ነውና፥ ሥራው በመጪው ሐምሌ፥ ሶለል ከመድረሱ በፊት ይጀመር።